ደረሰኝ

ከሪጋ ተነሣሁ በማለዳ ባቡር፣
ሻንጣዬ ውስጥ መመሪያ፣ ደረት ኪሴ ብዕር፤
ጥድና ረግረግ፣ ረግረግና ጥድ፣
በመስኮት ይሮጣል የሦስት ሰዓት መንገድ።
ሬዜክኔ ደረስኩ፤ በረዶው ቀልጦ ጭቃ፣
የጣቢያው ሰዓት ቆሟል፣ ሳይሞላ፣ ሳይነቃ።

የሥራና የሙያ ምክር መስጫው ቢሮ
ከፋርማሲው በላይ፣ አንድ መስኮቱ በካርቶን ታጥሮ፤
በኮሪደሩ ላይ ሰው ቁጥር ይዞ ቆሟል፣
አራት ወንበር አለ፣ አንዱ እግሩን አጥቷል።
ኮቴን አዩና «ቀጣሪ ነው» ተባባሉ፤
ኮፍያ አወለቁ፣ ጉሮሮ ጠረጉ ሁሉ።
አንዲት ልጅ ፈጥና የምስክር ወረቀት ዘረጋች፤
ፕላስቲኩ ውስጥ ካለው ፎቶዋ ጋር አብራ ፈገግ አለች።
«ቀጣሪ አይደለሁም፣ ቆጣሪ ነኝ» ብዬ
በመሃል አለፍኩኝ፣ ሻንጣ አንጠልጥዬ።

ብሮኒስላቫ ናት የቢሮው ኃላፊ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ታሪክ ጻፊ።
ሻይ ልቅዳ አለችኝ። «አይ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አልኩ፤
መመሪያው ይከለክላል። ወዲያው ፋይል ጠየቅኩ።

መጀመሪያ ያየሁት የሥልጠና ፋይል፣
«በራስ መተማመን» በትልቁ ይላል፤
አንድ ድርጅት ከዋናው መሥሪያ ቤት ጨረታ አሸንፎ
ሦስት መቶ ሰው አሠልጥኗል፣ ሁሉንም አሳልፎ።
ፊርማው ሙሉ፣ ማኅተሙ ክብ፣ ፎቶው ባለ ቀለም፤
«ስንቱ ሥራ ያዘ?» የሚል ሣጥን ግን ቅጹ ላይ የለም።
ያልተጠየቀ ነገር ደግሞ ግኝት አይሆንም፤
ምልክት አደረግሁ፦ «እንከን የለበትም»።

ሁለተኛው ቀጭን ነው፣ የጽሕፈት መሣሪያ፤
ወረቀት፣ ማኅደር፣ ቀለም ለማተሚያ፤
ጎድሏል ከመሃሉ አርባ ሦስት ዩሮ፣
እንደ ልጅ ጥርስ፣ ከመደዳው ተሰብሮ።

«ደረሰኝ የት አለ?»

«ኦንቶንስ የሚባል፣ ከወተት ፋብሪካ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ጣሳ ሲያሽግ፣ ሲለካ፣
በሩ ሲዘጋበት መጣ፤ ፈለግንለት፤
ቫልሚየራ ከተማ ለማግስቱ ቀጠሩት።
መመሪያው ትኬቱን ይከፍላል፣ አውቃለሁ፤
ደርሶ ሲመለስ ነው። ‹በምን ልሂድ?› ሲለኝ ምን እላለሁ?
ጫማው እንደ ዓሣ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፤
በዚያ ጫማ ቆሞ ማን በራሱ ይተማመናል?
ከቀለሙ ቆርሼ ሰጠሁት፤ ሄደ፤
ሳይመሽ የቢሮው ስልክ ጮኸ፣ ወንበሬ ተናደ፤
እየሳቀ፣ እያለቀሰ፣ ‹ተራ ደረሰኝ!› አለ።
ይኸው ነው ደረሰኙ፤ ሌላ ወረቀት የት አለ?»

እኔም ጻፍኩ፦ «ግኝት አንድ። አርባ ሦስት ዩሮ
ያለ ማስረጃ ወጥቷል፤ ይመለስ ከደመወዟ፣ ከመጋቢት ጀምሮ።»
ብዕሬ አልተንቀጠቀጠም። ይህን አልዋሽም።
የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ በእንባ አይለካም፤
ዛሬ ለጫማ የተዘረጋ እጅ፣ ነገ ለምን እንደሚዘረጋ አላውቅም።
ሌላ ከተማ አይቻለሁ፣ በደግ የተከፈተ ሣጥን
ዞሮ ዞሮ የአለቃውን የበጋ ቤት ጣሪያ ሲከድን።

አነበበች ብሮኒስላቫ፣ መነጽሯን ወደ ላይ ገፍታ፤
ፈረመች ያለ ክርክር፣ ቀኑንም በፊደል ሞልታ።
«የፊተኛውስ?» አለች፣ ወፍራሙን ፋይል እያየች።
«ንጹሕ ነው» አልኳት። ሳቀች? እንጃ፤ አበባዋን ውሃ አጠጣች።

ስወጣ ኮሪደሩ ያው ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ተቀይሯል፤
አንካሳው ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ሚዛን ጠብቆ ተቀምጧል።

በማታው ባቡር ተመለስኩ። ተቆጣጣሪው ትኬቴን በሳ፤
የእኔማ ትኬት ቀድሞ የተከፈለ ነው፣ ገና እግሬ ሳይነሣ።
ይህን ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት አላሰብኩትም።

በቅጹ ግርጌ አንድ መስመር አለ፣ «ሌላ አስተያየት» የሚሉት፣
አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰረዝ አድርጌ ያለፍኩት።
ጻፍኩበት፦ «ስንቱ ሥራ ያዘ?» ባቡሩ አንገጫገጨኝ፤
የጥያቄ ምልክቱ ጠመመ።
ላክሁት።
ይኸው ሁለት ክረምት፤ መልሱ አልደረሰኝ።